ግብሬ የማን ካዝና እንደሚገባ ያስረዳኝ የሂሳብ ቢሮ

ባሕር ዳር ውስጥ የአሉሚኒየም በርና መስኮት እሠራለሁ። ንግድ ፈቃዱ እስከ አምና በራሴ ስም ነበር። ሥራው ሲሰፋ ከወንድሜ ጋር ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ልናደርገው ተስማማን፤ ያኔ ነው ሰው ጠቁሞኝ ወደዚህች ቢሮ የሄድኩት።

የቀድሞው ሂሳብ ሠራተኛዬ ወረቀት ያቀብለኛል፣ እፈርማለሁ፣ አለቀ። እዚህ ግን ያስተናገደችኝ ልጅ ገና ከመቀመጤ "ጋሼ፣ እስከ ዛሬ የከፈሉት ግብር የት እንደሚገባ ያውቃሉ?" አለችኝ። አላውቅም ነበር። ሕገ መንግሥቱን ከመደርደሪያ አወረደችና አንቀጽ በአንቀጽ አሳየችኝ።

ነጋዴ በግል ስሙ ሲሠራ የትርፍ ግብሩ የክልሉ ነው፣ አንቀጽ 97። ማኅበር ሲሆን ግን የድርጅቱ የትርፍ ግብርም፣ እኔና ወንድሜ በምንካፈለው ትርፍ ላይ የሚጣለውም ወደ አንቀጽ 98 ይሻገራል፤ የፌዴራልና የክልል የጋራ ይሆናል፣ ክፍፍሉን ደግሞ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ይወስናል። ያው ሱቅ፣ ያው መጋዝ፣ ያው እኔ፣ ብሩ ግን ሌላ መንገድ ያዘ! የሠራተኞቼ የደመወዝ ግብር የግል ድርጅት ስለሆንን እዚያው ክልሉ ጋ ይቀራል። ከውጭ በሚገባው አሉሚኒየም ላይ ያለው የጉምሩክ ቀረጥ ከድሮም የፌዴራል ነው።

ቫትስ አልኳት። በስሙ ብትፈልገው ሕገ መንግሥቱ ውስጥ የለም፤ ሕገ መንግሥቱ ሲወጣ በ1987 የነበረው የሽያጭ ታክስ ነው፣ ቫት በአዋጅ 285/1994 መጥቶ ተካው። ለማንም ያልተመደበ ታክስ ሲመጣ የፌዴሬሽን ምክር ቤትና የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አንድ ላይ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወስናሉ፣ ይሄ አንቀጽ 99 ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከንግዱ ጉዳይ ይልቅ ይሄ ነው ልቤ ውስጥ የቀረው። ሃያ ዓመት ግብር ስከፍል ይህን የነገረኝ ሰው የለም፤ መንገዱ ሲፈርስ፣ ክሊኒኩ መድኃኒት ሲያጣ የትኛውን መንግሥት ልጠይቅ ነበር?

የሥራው ነገርም ጥሩ ነው። በግል ሲሆን የትርፍ ግብሩ እየጨመረ እስከ 35 በመቶ እንደሚደርስ፣ ማኅበር ግን ወጥ 30 በመቶ እንደሚከፍል፣ በዚያው ልክ ደረጃ "ሀ" ግብር ከፋይ ስለምንሆን ሙሉ የሂሳብ መዝገብ መያዝ ግዴታ እንደሆነ ሳይደብቁ ነገሩን። መመሥረቻ ጽሑፉን ሁለቴ አስተካክለውልናል፣ ለዚያ የጨመሩት ክፍያ የለም።

ቅር ያለኝ ነገር አለ። ዋጋቸው ከቀድሞው ሰውዬ እጥፍ ነው። ሐምሌ ላይ ትንንሹ ነጋዴ ሁሉ ስለሚጎርፍ ስልክ አያነሱም፤ አንድ ቀን ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት በረንዳ ላይ ቆሜያለሁ። ወንበር እንኳ ቢጨምሩ። ማኅበር ለማቋቋም ያሰበ ሰው ግንቦት ላይ ይሂድ፣ ያኔ ተረጋግተው ያስረዱታል።