ሚሼልስ ወይስ ሃያት? የጉበትን ደም ቅዳ ለመመደብ

የጉበት ደም ቅዳ አብዛኛውን ጊዜ ከሴሊያክ ግንድ (ከአኦርታ፣ ማለትም ከዋናው የሰውነት ደም ቅዳ፣ ወደ ላይኛው የሆድ ክፍል ከሚወጣው ቅርንጫፍ) ተነስቶ ለቀኝና ለግራ ይከፈላል። አንዳንድ ሰው ላይ ግን የቀኙ ከላይኛው የአንጀት ደም ቅዳ፣ የግራው ደግሞ ከግራው የጨጓራ ደም ቅዳ ይመጣል። ለዚህ ልዩነት ሁለት አመዳደቦች በብዛት ይጠቀሳሉ።

የአናቶሚ ተመራማሪው ሚሼልስ በ1966 እ.ኤ.አ. በ200 አስከሬኖች ላይ ተመሥርቶ 10 ዓይነት አወጣ። የተለመደውን ቅርጽ ያገኘው በ55 በመቶው ነው። የቀዶ ጥገና ሐኪሙ ሃያትና ባልደረቦቹ በ1994 እ.ኤ.አ. 1000 የለጋሽ ጉበቶችን አይተው 6 ላይ ቆሙ፤ እነሱ ዘንድ የተለመደው 76 በመቶ ገደማ ነው።

ዋናው ልዩነት ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። ሚሼልስ ተተኪውን (በተለመደው ቅርንጫፍ ምትክ ከሌላ ቦታ የሚመጣውን) እና ተጨማሪውን (ከተለመደው ቅርንጫፍ ጎን የሚመጣውን) ደም ቅዳ ለየብቻ ያስቀምጣል። ሃያት ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልሏል። ለማስታወስ ይቀላል፤ 10 ቁጥር በቃሉ የሚይዝ ሐኪም መቼም ብዙ አይደለም። የቆሽት ራስ በቀዶ ጥገና ሊወጣ ሲል ግን ጣጣው ይመጣል። ከአንጀቱ ደም ቅዳ የሚነሳው የቀኙ ቅርንጫፍ የሚያልፈው በአብዛኛው ከቆሽት ራስ ጀርባ ነው። ተተኪ ከሆነና ሳይታወቅ ከተቆረጠ፣ የቀኙ የጉበት ክፍል ዋና ደም ቅዳውን ያጣል። ጉበቱ ራሱ ከአንጀት ደም ከሚያመጣለት ከፖርታል ደም መልስም ስለሚመገብ ሊቋቋም ይችላል። የሐሞት ቱቦው ግን ኑሮው በደም ቅዳ ነው።

በሌላ በኩል፣ የጉበት ደም ቅዳው ከአኦርታ በቀጥታ የሚነሳበት ብርቅ ዓይነት በሃያት ውስጥ አለ፣ በሚሼልስ የለም።

እኔ ለዕለት ተዕለት የሲቲ ስካን ሪፖርት ሃያትን እመርጣለሁ። «ዓይነት 3» (የቀኙ ከላይኛው የአንጀት ደም ቅዳ ሲመጣ) ብሎ ማቆም ግን አይበቃም፤ አጠገቡ «ተተኪ» ወይም «ተጨማሪ» ተብሎ ይጻፍ።