ግሪፊ ወይስ ኢቺሮ? ሁለቱ የሲያትል የውጭ ሜዳ ኮከቦች

ኬን ግሪፊ ጁኒየርና ኢቺሮ ሱዙኪ ሁለቱም በአሜሪካው የቤዝቦል ቡድን በሲያትል ማሪነርስ፣ በውጭ ሜዳ (ርቆ የተመታ ኳስ በሚቀለብበት የሜዳው ጥግ) ገነዋል፤ እያንዳንዳቸው 10 የወርቅ ጓንት (የምርጥ ተከላካይ ሽልማት) ወስደዋል። አጨዋወታቸው ግን ለየቅል ነው።

ግሪፊ የውጭ ሜዳው መሀል ሰው ነበር፤ 630 ሆምረን (አብዛኛውን ጊዜ ከአጥር በላይ የሚያልፍ ምት) መትቷል። ለሰውነቱ ግን አይሳሳም ነበር። በ1995 ኳስ ለመቅለብ እየሮጠ ዘሎ ከግድግዳው ጋር ሲላተም የግራ እጁ አንጓ ተሰበረ። ወደ ሲንሲናቲ ቡድን ከሄደ በኋላም ጉዳት እየተደጋገመ ብዙ ጨዋታ አሳጣው።

ኢቺሮ በ2001 በ27 ዓመቱ ከጃፓን መጥቶ የውጭ ሜዳውን ቀኝ ያዘ። ግራኝ መቺ በመሆኑ ለአንደኛ ቤዝ (መቺው መጀመሪያ ሮጦ ለሚደርስበት ማረፊያ) ይቀርባል፤ ክብደቱን ቀድሞ ወደ ፊት ስለሚጥል ዱላው ኳሷን ሲነካ እግሩ ሩጫ ጀምሯል። ስለዚህ ዝግ ብላ የምትንከባለል ኳስ እንኳ ሂት (መቺውን ቤዝ የምታደርስ ምት) ትሆንለታለች። በ2004 በ262 ሂት የ1920ውን የ257 የአንድ የውድድር ዘመን ክብረ ወሰን ሰበረ። ሳያሟሙቅና ሳያፍታታ ሜዳ አይገባም ነበር፤ እስከ 45 ዓመቱ ተጫውቷል።

በምት አማካይ (ከመምታት ሙከራዎቹ ሂት የሆኑት ድርሻ) ኢቺሮ ይበልጣል፦ .311 ለ.284። ቤዝ ላይ በመድረስ ግን ግሪፊ በ.370 ለ.355 ይመራል፤ ኢቺሮ መጥፎ ኳስ አሳልፎ በነጻ ቤዝ መውሰድን እምብዛም አይመርጥም ነበርና። ለአንድ የውድድር ዘመን ግሪፊን፣ ለአሥር ዓመት ኢቺሮን እንመርጣለን።