ባለ ሁለት በሩ ድንኳን፦ ከ8 ወርና ከ31 ሌሊት በኋላ

ድንኳኑን የገዛነው ጆሃንስበርግ ነው፤ በሞተር ወደ ናሚቢያ ልንወጣ ሦስት ሳምንት ሲቀረን። እኔ ሱቁ ውስጥ መጀመሪያ የጠየቅኩት ክብደቱን ነበር። ባለቤቴ ግን «በሩ ስንት ነው?» አለች። ባለ አንድ በሩ በግማሽ ኪሎ ይቀል ነበር። እሷ ባለ ሁለቱን ይዛ አልለቅም አለች። አሁን ስምንት ወር ሆኖናል፤ 31 ሌሊት አድረንበታል። ልክ ነበረች።

የሦስት ሰው ድንኳን ነው። 3.4 ኪሎ ይመዝናል፣ ዘንጎቹ አሉሚኒየም ናቸው፣ ሲጠቀለል ርዝመቱ 45 ሳንቲ ሜትር ነው። ለሞተረኛ ከክብደቱ ይልቅ ርዝመቱ ወሳኝ ነው። ዘንጉ የጎን ሳጥን ውስጥ ካልገባ ኋላ ላይ መታሰሩ ነው፤ ኋላ ደግሞ ሰው ተቀምጧል። «ለሁለት ሰው» ተብሎ የሚሸጠውን አትግዙ። ሁለት ሰው ይተኛበታል፤ ሁለት ሄልሜት፣ ሁለት ጃኬትና ሁለት ጥንድ ቦት ጫማ ግን የት ይደር?

ከጆሃንስበርግ አፒንግተን 800 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአንድ ቀን ስለሚከብደን ኩሩማን አደርን። በአሪያምስፍላይ በኩል ድንበር ተሻግረን ኪትማንስሁፕ ገባን። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው የኩዊቨር ዛፎች ጫካ አጠገብ ስናድር መሬቱ ድንጋይ ነው፤ ካስማ አይቀበልም። ይህ ድንኳን ግን ያለ ካስማም ይቆማል። ገመዶቹን ድንጋይ ላይ አሰርን፣ አለቀ።

ቤታኒን ካለፍን በኋላ ጠጠር መንገድ ጀመረ። ላዩ ሞገድ ሞገድ ሠርቷል። የጎማውን አየር ቀነስኩ፤ ፍጥነቴም ከ60 አላለፈም። ያም ሆኖ ንዝረቱ ድንኳኑን ከሳጥኑ ብረት ጋር ሲያፋትገው ውሎ የላይኛው ሸራ ላይ ሳንቲም የሚያህል ቀዳዳ አወጣበት። ከዚያ ወዲህ በአሮጌ ፎጣ ጠቅልዬ ነው የማስገባው። ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ደስ ባለኝ።

ሴስሪየም ልንደርስ ስንል አሸዋ ላይ ሞተሩን ጣልኩት። የባለቤቴ ጉልበት ተላጠ። እስኪመሽ ድረስ ብዙም አልተነጋገርንም። ሌሊት ላይ ኃይለኛ ንፋስ ተነሳ፤ ቀጫጭኖቹ ካስማዎች ከአሸዋው እየተነቀሉ ወጡ። እኔ በግራ፣ እሷ በቀኝ፣ በየበራችን ተፈተለክን። የዕቃ ከረጢቶቹን አሸዋ ሞልተን፣ ገመዱን አሰርንባቸውና ቀበርናቸው። በሩ አንድ ቢሆን ኖሮ ተረጋግጠን እስክንወጣ ሸራው ሄዶ ነበር።

ንጋት ላይ ስነቃ አጠገቤ የለችም። በራሷ በር ወጥታ፣ ሞተሩን የንፋስ ከለላ አድርጋ ምድጃውን ለኩሳለች። ቡናውን ቤት ቆልታና ወቅጣ ነው የያዘችው። ጀበና ለሞተር ስለማይመች በትንሽ ማንቆርቆሪያ አፈላችው። «ና፣ ቡና ጠጣ» አለችኝ። የትናንቱ ዝምታ እዚያ ላይ አበቃ።

በነገራችን ላይ ሞተር ከሴስሪየም የፓርክ በር አልፎ ወደ ሶሱስፍላይ የአሸዋ ተራሮች አይገባም። 60 ኪሎ ሜትሩን በመኪና ነው የሄድነው፤ አስቀድማችሁ አስቡበት።

አሁን ወደ ድክመቱ። የውስጠኛው ክፍል ግማሹ መረብ ነው። ለሙቀት ጥሩ ነው፤ የናሚብ በረሃን ደቃቅ አቧራ ግን አያስቆምም። ጠዋት ጥርሳችን ሥር አሸዋ ነበር። ስዋኮፕሙንድ ደግሞ የባሕሩ ጭጋግ ሸራውን ከውስጥ አረጠበውና ፊታችን ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። ሁለቱንም በሮች ከላይ ትንሽ ከፈት ስናደርጋቸው አየሩ ተላለፈና ቀነሰ። ካስማዎቹን ገና ከጅምሩ ቀይሯቸው፤ ለአሸዋ ሰፋፊ ያስፈልጋል።

ከሁሉም ያናደደኝ ዚፑ ነው። በአራተኛው ወር የእሷ በር አልዘጋ አለ። አሸዋ መንሸራተቻውን በልቶታል። በፒንሳ ቀስ ብዬ ስጨምቀው ለሁለት ጉዞ ሠራ፣ ከዚያ ጨርሶ እምቢ አለ። ሱቁ «አሸዋ በዋስትናው አይሸፈንም» አለኝ። ለደረቅ አገር የሚሸጥ ድንኳን አሸዋ የማይችል ከሆነ ምን ሊባል ነው? በመጨረሻ ጄፒ፣ ጆሃንስበርግ ያለው የሐበሾች ገበያ ወሰድነው። አንድ ያገራችን ልጅ፣ ልብስ ሰፊ ነው፣ በወፍራም የብረት መንሸራተቻ ቀየረልን። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልተቸገርንም።

ዝናቡን የፈተንነው በታኅሣሥ፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ጎልደን ጌት የሚባለው ፓርክ ላይ ነው። ነጎድጓድና በረዶ ለሁለት ሰዓት ወረደብን። ቀዳዳውን ከውስጥና ከውጭ ለጥፌው ስለነበር ጠብታ አልገባም። ወለሉም እስካሁን አልተበሳም፤ ሁልጊዜ ከሥሩ ወፍራም ላስቲክ እናነጥፋለን። የግራር እሾህ ባለበት አገር ይህን አትዝለሉ።

እንደገና ብገዛ ይህንኑ እገዛለሁ፤ ዚፑን ግን መንገድ ሳልጀምር ጄፒ ወስጄ አስቀይረዋለሁ። በሚቀጥለው ወር ወደ ቦትስዋና ልንወጣ ነው። ባለቤቴ ሰፋፊዎቹን ካስማዎች ትናንት ገዝታ መጣች፤ አሥራ ሁለት ናቸው፣ ስድስት ለእኔ በር፣ ስድስት ለእሷ።