ጠቅላላ ውክልና ወይስ ልዩ ውክልና? ውጭ ለምትኖሩ

ውጭ እየኖርን አገር ቤት ቤት፣ መሬት ወይ የፍርድ ቤት ጉዳይ ሲኖረን መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ ምን አይነት ውክልና ልስጥ የሚለው ነው። ጠቅላላው ይቀላል፣ አንዴ ፈርማችሁ ትልካላችሁ፣ ተወካዩ ኪራይ ይሰበስባል፣ ግብር ይከፍላል፣ በየጊዜው አዲስ ወረቀት ላኩልኝ አይልም። ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ ጠቅላላ ስለተባለ ሁሉን የሚያሰራ ይመስለናል፣ በብዙ አገር ህግ ግን ቤት ለመሸጥ፣ በብድር ለማስያዝ ወይ በክስ ለመታረቅ በግልፅ ካልተፃፈ አይሰራም፣ ሁሉንም ዘርዝራችሁ ከሰጣችሁ ደግሞ ያላችሁን በሙሉ ለአንድ ሰው አሳልፋችሁ ሰጣችሁ ማለት ነው፣ ወንድምም ቢሆን።

ልዩ ውክልና ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፣ ይሄን ቤት አከራይ፣ በዚህ መዝገብ ተከራከር። አድካሚ መሆኑን አልክድም፣ ለእያንዳንዱ ጉዳይ ኤምባሲ ወይ ኖታሪ (ሰነድ አረጋጋጭ) ጋ መመላለስ አለ (ሁለቱም አገሮች የ1961 እ.ኤ.አ. የሄግ ስምምነት አባል ከሆኑ ኖታሪ ያረጋገጠው ላይ አፖስቲል፣ ማለትም ሰነዱ በሌላው አገር እንዲታወቅ የሚያደርገውን ማህተም፣ ማስመታት ይበቃል፣ ካልሆኑ ወረቀቱ ብዙ ቢሮ ይዞራል)። እኔ ግን ንብረት ካለበት ይሄንኛውን ነው የምመርጠው፣ ጊዜ ገደብም ፃፉበት።

ስትሽሩ ደግሞ ለተወካዩ በስልክ መንገር አይበቃም፣ ለተመዘገበበት ቢሮና ለባንኩ በፅሁፍ አሳውቁ፣ መሻሩን ሳያውቅ በቅን ልቦና ከገዛ ሰው ጋር መከራከር በጣም ከባድ ነው።