ስልክ ወይስ ፎቶ ቤት?

እሁድ ከሰዓት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ብትወጡ ሁለቱንም ታያላችሁ። አንዱ አባት ልጁን በስልኩ ደጋግሞ ያነሳል። ሌላው ቤተሰብ ካሜራ ያንጠለጠለውን ወጣት ጠርቶ ዋጋ ይከራከራል።

ድሮ አንድ ፊልም የሚይዘው 36 ፎቶ ነበር። እንዳይበላሽ ትንፋሻችንን ውጠን እንቆማለን። ስልክ ከዚህ ጭንቀት ገላግሎናል። አንድ ፎቶ 4 ሜጋባይት ቢሆን፣ 64 ጊጋባይት ሚሞሪ 16,000 ያህል ይይዛል። ነጻ ይመስላል አይደል? ግን የስልኩ ዋጋ ራሱ እሳት ነው። ሚሞሪውም ይሞላል። ጉግል በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት የኢንተርኔት ማከማቻ ደግሞ ኢሜይላችሁንም ጨምሮ ነው። እኔ የልጄን የመጀመሪያ ልደት ፎቶዎች ያጣሁት አሞራ ገደል ዓሳ ስንበላ ነው፤ ስልኬ ሐይቁ ውስጥ ገባ።

ፎቶ ቤት በየፎቶው ያስከፍላል። ወረቀቱና ቀለሙ ከውጭ ስለሚመጣ ዶላር ሲወደድ እሱም ይወደዳል። ግን እማዬ ሳሎን የሰቀለችው የሰርጓ ፎቶ እስከዛሬ ቻርጅ ጠይቆ አያውቅም።

የኔ ምርጫ ለአዘቦት ስልክ፣ ለክርስትናና ለሰርግ ፎቶ ቤት ነው። በቴሌግራም ስትላላኩ ደግሞ እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ጥራቱ ይቀንሳል።