8 ወር ከቸርኬ ስኳት ማቆሚያዬ ጋር

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ የምሠራባት ጂም ትንሽ ናት። አንድ ቤንች፣ አንድ 20 ኪሎ ባር፣ በድምሩ 70 ኪሎ የሚሆን ፕሌት (ባሩ ጫፍ ላይ የሚገባው ክብ ብረት)፣ ከዛ ጥንድ የጎደለው ዳምቤል። ባር ትከሻ ላይ ተሸክመን ቁጢጥ ብድግ ስንል፣ ማለትም ስኳት ስንሠራ፣ ባሩ የሚያርፍበት የስኳት ማቆሚያ የሚባል ነገር የለም። ባለቤቱን ስንጠይቀው «በሚቀጥለው ወር» ይለናል፤ የትኛው ወር እንደሆነ ግን ተናግሮ አያውቅም።

ስለዚህ እግር ቀን ሲደርስ ባሩን ከመሬት አንስቼ ደረቴ ላይ፣ ከደረቴ በላይ ገፍቼ፣ በጭንቅላቴ አሳልፌ ትከሻዬ ላይ ነበር የማሳርፈው። ስጨርስ በመጣበት መንገድ መመለስ። እግሬ ገና ምንም ሳይመስለው እጄ ያልቃል። 50 ኪሎ ላይ ተቸክዬ ቀረሁ። እንደ ፈረንጆቹ በ1920ዎቹ ሄንሪ ስታይንቦርን የሚባል ጀርመናዊ ባሩን በአንድ ጫፉ አቁሞ፣ ቁጢጥ ብሎ ከሥሩ ይገባና ጀርባው ላይ ያጋድለው ነበር። እኔም ሞከርኩት። አንዴ። ወገቤ ሳምንቱን ሙሉ ሲያስታውሰኝ ሰነበተ።

ጥቅምት ላይ ብየዳ ቤት ሄድኩ። ያሠራሁት ሁለት የተነጣጠሉ ቋሚዎች ነው፤ ወፍራም ቱቦላሬ፣ አናቱ ላይ ባሩ የሚያርፍበት የታጠፈ ወፍራም ላሜራ፣ ከሥር ደግሞ ኮንክሪት የተሞላ አሮጌ የመኪና ቸርኬ። በያጁ ሥዕሌን አየና ሳቀ። «አቦ አንቺ፣ ይሄ የጃንጥላ መትከያ ነው እንዴ?» 6 ሺህ 500 ብር ከፈልኩ፣ ሲሚንቶውንና አሸዋውን ራሴ ችዬ። ባለቤቱ ጥግ ላይ እንዳስቀምጠው ፈቀደልኝ፣ እሱማ ለምን ይከፋዋል።

ጥንካሬው ላይ ቃል የለኝም። እያንዳንዱ ከ30 ኪሎ በላይ ስለሚሆን ባሩን ስመልስ ባጋጨውም ንቅንቅ አይልም። ብየዳው እስካሁን አልተሰነጠቀም።

ቁመቱን ግን እኔ ራሴ ነኝ ያበላሸሁት። ልክ ስሰጥ ከትከሻዬ ሰጠሁ። ከዛማ ባሩን ለማውጣት በጣቴ መቆም፣ ይባስ ብሎ እግሬ እየተንቀጠቀጠ ለመመለስም በጣቴ መቆም ሆነ። መልሼ ወስጄ 12 ሳንቲ አስቆረጥኩ። የምታሠሩ ካላችሁ ልኩን ከደረታችሁ መሀል ስጡ፤ ጉልበታችሁን ትንሽ አጥፋችሁ ገብታችሁ፣ ቀና ስትሉ ባሩ በራሱ ይለቃል።

ሁለተኛው ጣጣ ቋሚዎቹ አለመያያዛቸው ነው። መጀመሪያ ላይ 80 ሳንቲ ብቻ አራርቄ አቆምኳቸው። አንድ ቀን ከአንዱ ጎን 35 ኪሎውን በሙሉ አወጣሁ፣ ሌላው ጎን እንደተጫነ። ባሩ ተፈናጥሮ መስታወቱን ለትንሽ ሳተው። ቋሚዎቹ ሲቀራረቡ ወደ ውጭ የሚተርፈው ጫፍ ይረዝማል፣ ያኔ የአንድ ጎን ፕሌት ባሩን ለመገልበጥ አቅም ያገኛል። አሁን በመሀላቸው 1 ሜትር ከ10 ሳንቲ እተዋለሁ፣ ቦታቸውን ወለሉ ላይ በቀለም አክብቤዋለሁ። ፕሌት የምናወጣውም ከግራ አንድ፣ ከቀኝ አንድ እያልን ነው።

ትልቁ ጉድለቱ ግን ሌላ ነው። ብትወድቅ የሚይዝህ ነገር የለም። ጥር ላይ 80 ኪሎ ጭኜ አምስተኛው ስኳት ላይ ታች ቀረሁ፣ አልነሳም አለኝ። ወደኋላ ለቅቄው ወደፊት ዘለልኩ፤ እኔ ተረፍኩ፣ ሴራሚኩ አልተረፈም፣ ሂሳቡም የእኔ ሆነ። በማግስቱ ጎሚስታ ጋ ሄጄ ስድስት ያለቀላቸው የአይሱዙ ጎማዎች በጋሪ አስጫንኩ። በየጎኑ ሦስት ሦስት ሲደረደሩ 60 ሳንቲ አካባቢ ይሆናሉ፤ ትልቁ ፕሌት እነሱ ላይ ሲያርፍ ባሩ እኔ ቁጢጥ ካልኩበት ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቆማል፣ ከሥሩ መውጣት ይቻላል። መልካቸው ያስጠላል፣ ደግሞ የወባ ትንኝ እንዳይፈለፈልባቸው ውሃ እንዳይጠራቀም ማየት አለብህ። ግን እንደነሱ የሚያስተማምነኝ የለም።

ዝገቱስ? ድሬ ላይ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ካልተሠራ ቆርቆሮው ሥር መቀቀል ነው (ሐረር ብሆን ስድስት ሰዓት ላይም እሠራ ነበር)። ላቡ ባሩ የሚያርፍበት ላይ እየተንጠባጠበ በሦስት ወሩ ቀለሙን ልጦ ብረቱን አዛገው። ፍቄ መልሼ ቀባሁት፣ ከላዩ ከአሮጌ የባጃጅ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ አጣበቅኩበት። ድምፁም ቀነሰ።

አሁን ሰኔ ነው። ጂሟ ያላትን ፕሌት በሙሉ ጭኜ፣ 90 ኪሎ፣ አምስት አምስት ጊዜ አምስት ዙር እሠራለሁ። ሌላ የሚጨመር ፕሌት ስለሌለ ታች ላይ ሦስት ሰከንድ ቆሜ መነሳት ጀምሬያለሁ፤ ያኔ ያው 90 ሌላ ብረት ይሆናል።

ዛሬ ባሠራው አንድ ነገር እለውጥ ነበር። ቱቦላሬ ውስጥ ቱቦላሬ አስገብቼ፣ በስቼ፣ በቡሎን ከፍና ዝቅ የሚል አደርገዋለሁ። ማቆሚያው የተቆረጠው በእኔ ልክ ነው፣ ከእኛ ጋር የምትሠራ አንዲት አጭር ልጅ አለች፣ አትደርስበትም። ለጊዜው ሁለት ፕሌት መሬት ላይ እናነጥፍላትና እሱ ላይ ቆማ ታወጣዋለች። ከፕሌቱ ወደኋላ ስትወርድ እኔ ማየት አልችልም፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ።