ቀለሃ አውጪው ኪት ከ8 ወር በኋላ፦ ኩባያው ይቀመጥ፣ ታፑ ይጣል

የተተኮሰ ቀለሃን መልሶ የሚሞላ ሰው ቀለሃውን በፕሬስ ገፍቶ ዳይ ውስጥ ያስገባዋል፤ ዳይ ያበጠውን ቀለሃ ወደ ልኩ የሚመልስ የብረት ቅርጽ ነው። አንዳንዴ ቀለሃው እዚያው ይቀረቀራል። የተቀረቀረውን ማውጫ ኪት ማለት አራት ነገር ነው፦ ቁጥር 7 ፑንታ፣ ሩብ ኢንች ባለ 20 ፊሌቶ (በኢንች 20 ጥርስ) ታፕ ማለትም ፊሌቶ ማውጫ፣ በዚያው ልክ የተሠራ ብሎን ከነሮንዴላው፣ እና የቀለሃውን ቂጥ የሚከድን ወፍራም የብረት ኩባያ። ቂጡ ይበሳል፣ ፊሌቶ ይወጣለታል፣ ከዚያ ብሎኑ በኩባያው ቀዳዳ ገብቶ ሲጠብቅ ቀለሃውን ስቦ ያወጣል። ከ8 ወር በኋላ ፑንታውና ኩባያው መሣቢያዬ ውስጥ አሉ፤ ታፑና ብሎኑ የሉም። የኪቱን ስም አልጠራም። ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ በአንድ ሐሳብ የተሠሩ ናቸውና ጉድለቱ የአንድ ፋብሪካ ብቻ አይመስለኝም።

ጉድለቱ ይህ ነው፦ 308 ዊንቸስተር በሚባለው የጠመንጃ ጥይት ቀለሃ ላይ ፊሌቶው ይበላል። ብሎኑን ስታጠብቁት አንድ ዙር ተኩል ያህል ይከብዳል፣ ከዚያ ድንገት ይላላል፣ ሲወጣ ጫፉ ላይ እንደ ሞላ የተጠመዘዘ የናስ ክር ይዞ ይመጣል። ቀለሃው ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም።

ምክንያቱ ሒሳብ ነው። ፕራይመር (ባሩዱን የሚያቀጣጥለው፣ ቂጡ ላይ የሚገባው ትንሽ ክፍል) የሚቀመጥበት የ308 ጉድጓድ ስፋቱ 0.210 ኢንች ይጠጋል፤ ቁጥር 7 ፑንታ 0.201 ነው። ስለዚህ ፑንታው ጉድጓዱን ሳይነካ ያልፍና የሚበሳው ከሥሩ ያለችውን ስስ ናስ ብቻ ነው። የቀለሃው ቂጥ ከውጭ እስከ ውስጥ 0.2 ኢንች ገደማ ይወፍራል። ከዚህ 0.13 ያህሉ ጉድጓድ ነው፤ ለወለሉ የሚተርፈው 0.07 ነው። ባለ 20 ፊሌቶ አንዱ ጥርስ 0.05 ኢንች ይይዛል፤ እንግዲህ በአጠቃላይ አራት ጥርስ አለን ማለት ነው። ከአራቱ ሁለት ተኩሉ ጉድጓዱ ግድግዳ ላይ የሚወጡ ስለሆኑ ጥልቀታቸው 60 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። በደንብ የነከሰው ጥርስ አንድ፣ ቢበዛ አንድ ተኩል ነው። በዚያ ላይ ነው እንግዲህ አንድን ቀለሃ ከብረት እቅፍ ፈልቅቀን ልናወጣ የምንታገለው።

ከ308 በሚያንሰው በ223 ሬሚንግተን ቀለሃ ይህ ችግር የለም፤ ገርሞኝ የነበረው ይህ ነው። ትንሹ ቀለሃ ከትልቁ ይልቅ በቀላሉ ይወጣል። የ223 ፕራይመር ጉድጓድ 0.175 ኢንች ብቻ ስለሆነ ፑንታው ጉድጓዱንም እያሰፋ ይገባል፣ ፊሌቶውም ከላይ እስከ ታች 75 በመቶ ጥልቀት ያገኛል። ኪቱን አሥር ጊዜ በ223 ሞክሮ "እንከን የለሽ ነው" የሚል ሰው አይዋሽም፤ 308 አልገጠመውም።

ሁለተኛው ጥፋት የታፑ ጫፍ ነው። ከኪቱ ጋር የመጣው ጫፉ ሾጣጣ፣ የመጀመሪያዎቹ ስምንት አሥር ጥርሶቹ ያልሞሉ ዓይነት ነው። እንዲህ ያለ ታፕ ሙሉ ፊሌቶ የሚያወጣው ጫፉ ከናሱ ወለል ወዲያ ግማሽ ኢንች ሲያልፍ ነው። መመሪያ ወረቀቱ ግን ስለዚህ አንድም ቃል አይተነፍስም። ሰው ታፑ ሲከብደው "በቃ ይዟል" ብሎ ያቆማል፤ የወጣው ፊሌቶ ግማሽ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

የሱቁ ሰው እዚህ ላይ ምን እንደሚል አውቃለሁ። "ወንድሜ፣ ይሄ በዓመት አንዴ የሚነካ ዕቃ ነው፤ አዲስ ዳይ ከመግዛት አይሻልም?" ይሻላል፣ አዎ። ግን በዓመት አንዴ የሚነካ ዕቃ በዚያች አንድ ቀን ካልሠራ መቼ ሊሠራ ነው? ደግሞ ፊሌቶው አንዴ ከተበላ በኋላ ቀለሃው ከበፊቱ የባሰ ችግር ይሆናል፤ ቂጡ ላይ ሰፊና ለስላሳ ቀዳዳ አለ፣ የሚይዘው ነገር የለም።

መፍትሔው አንድ ደረጃ ከፍ ማለት ነው፦ 5/16 ባለ 18 ፊሌቶ ታፕ፣ ኤፍ ፊደል የተጻፈበት 0.257 ኢንች ፑንታ። የ308 ቂጥ 0.473 ኢንች ስፋት ስላለው ዙሪያውን በቂ ሥጋ ይቀራል። ፑንታው ጉድጓዱን ጠራርጎ ስለሚያሰፋ ጥርሱ ከጫፍ እስከ ወለል ሙሉ ነው። ታፑን ስትገዙ ሾጣጣውን ሳይሆን መካከለኛውን፣ ከሦስት እስከ አምስት ጥርሱ ብቻ የተሞረደውን ጠይቁ። አውሮፓ ያላችሁ ኤም 6 አትሞክሩ፤ በ308 ላይ ከሩብ ኢንቹ የባሰ ነው። ኤም 8ን በ6.8 ሚሊ ሜትር ፑንታ ተጠቀሙ። የኩባያው ቀዳዳ ለሩብ ኢንች የተሠራ ስለሆነ ትንሽ መስፋት አለበት፤ እሱም የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ብሎኑን ደግሞ በሙሉ ፊሌቶ ዘንግና በዳዶ ቀይሩት። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ብሎን ስታዞሩ ናሱ ውስጥ ያለው ፊሌቶ ጭነት ተሸክሞ ይፋተጋል፣ የሚበላውም ለዚህ ነው። ዘንጉ ግን መጀመሪያ ያለ ጭነት እስከ መጨረሻው ይገባል፣ ከዚያ በኋላ የሚዞረው ከላይ ያለው ዳዶ ብቻ ነው። ናሱ ይሳባል እንጂ አይፋተግም። ሮንዴላው ሥር የእህል ፍሬ የምታክል ግሪስ ብታደርጉ እጃችሁ ላይ ግማሽ ድካም ይቀንሳል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከሁሉ በፊት ቀለሃው ላይ ያልተተኮሰ ፕራይመር ካለ አትብሱት፤ እዚያ ላይ ቁሙ። ከሌለ የዳዩን አናት ዳዶ አላሉና የፕራይመር መግፊያ ዘንጉን ወደ ላይ አዙሩት። አንገት ማስፊያዋ ኳስ የቀለሃው ትከሻ ላይ ስትደርስ ትቆማለች፤ አንገቱ አሁን ከእሷ ስለጠበበ አታልፍም፣ አታስገድዷት። ይህን የዘለለ ሰው ታፑን ከዘንጉ ጫፍ ፒን ጋር ያጋጨዋል፣ ሁለቱንም ይሰብራል። ዳዩን ገልብጡና ሞርሳ ላይ እሰሩት፣ በሁለት እንጨት መካከል። መቆለፊያ ቀለበቱ የሞርሳው ከንፈር ላይ ቢያርፍ ወደ ታች አይሸሽም። ከፕራይመሩ ጉድጓድ ወደ ቀለሃው ውስጥ እሳት የሚያሳልፈው ቀዳዳ ፑንታውን መሐል ስለሚመራ ትራፓኖውን በዝግታ፣ ቀጥ አድርጎ መያዝ ይበቃል። መነጽር አድርጉ፤ የናስ ፍልጥ ዓይን ይፈልጋል። ታፑን አንድ ዙር ወደፊት፣ ግማሽ ወደኋላ። ከዚያ ኩባያው፣ ሮንዴላው፣ ዳዶው። ቀለሃው ሲለቅ አጭር "ጧ" የሚል ድምፅ አለው፤ ከዚያ በኋላ በጣት ይወጣል።

ከመብሳት በፊት ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት የሚመክሩ አሉ። ናስ ከብረት የበለጠ ይኮማተራል፣ እውነት ነው። ግን በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ልዩነት 308 ቀለሃ ላይ የሚገኘው ክፍተት 0.0001 ኢንች ገደማ ነው፤ የፀጉር ውፍረት አንድ ሃያኛ። ዘልቆ ገብ ዘይት ከላይ አፍስሶ ማሳደሩ የተሻለ ዕድል አለው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግም አይጎዳም። የሚጎዳው በፕሬሱ ክንድ መታገል ነው። ቀለሃውን ከፕሬሱ ጋር የሚያያይዘው ሼል ሆልደር የያዘው የጠርዙን ከፊል ብቻ ነው፤ ብረት ናስን ይቀዳል፣ ጠርዙ ከተቀደደ ደግሞ የቀረው መንገድ መብሳት ብቻ ነው።

የመቀርቀሩን ምክንያት በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ አብዛኛውን ጊዜ የቅባት ጉድለት ነው። በተለይ የሚረጨው። የሚረጭ ቅባት ሻጭ "ረጭተህ ቀጥል" ይላችኋል፤ አትመኑት። ጣሳው ውስጥ ያለው አብዛኛው ነገር ቅባቱን ተሸክሞ የሚመጣ ፈሳሽ ነው፤ እሱ ሳይተን የገባ ቀለሃ ደረቅ እንደገባ ቁጠሩት። ቤት ውስጥ አንድ እጅ ላኖሊን (ከበግ ሱፍ የሚገኝ ቅባት) ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት እጅ 99 በመቶ አልኮል ጋር ቀላቅሉ፤ 70 በመቶው ውሃ ስላለበት አይሆንም። ረጭታችሁ ቀለሃዎቹን አገላብጡ፣ አሥር ደቂቃ ተዉአቸው። ጥቂት ብቻ ከሆነ የምትሠሩት፣ በጣት የሚቀባው ሰም ይሻላል፦ ከታች ያለውን የቀለሃውን ሲሶ በስስ ቀቡ፣ ትከሻውን ተዉት። ትከሻ ላይ የተረፈ ቅባት መሄጃ ስለሌለው ናሱን ያጎደጉዳል።

ሁለት ዓይነት ቀለሃ ላይ ደግሞ እጥፍ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንደኛው ከመትረየስ የወጣ 7.62 በ51 ነው፤ መትረየስ ውስጥ ጥይቱ የሚቀመጥበት ክፍል ሰፊ ስለሆነ ቂጡ አጠገብ ያብጣል፣ ዳዩ የሚጨንቀውም እዚያው ላይ ነው። ሁለተኛው ከማይዝግ ብረት ሽቦ ጋር በውሃ የታጠበ፣ እንደ ወርቅ የሚያብረቀርቀው ነው። ጥቀርሻው ሲሄድ የነበረው ትንሽ ማንሸራተቻም አብሮ ሄዷል፤ አንገቱን ከውስጥ በደረቅ ግራፋይት ብሩሽ ንኩት። ክንዱ መንገድ አጋማሽ ላይ ከወትሮው ከከበደ ወዲያው መልሱና እንደገና ቀቡ። እዚያ ላይ ያለው "ትንሽ ብገፋው" የሚል ሐሳብ ነው ኪት የሚያስገዛው።

ከወጣ በኋላ ዳዩን በነጭ ጋዝ ጠርጉና ውስጡን በባትሪ እዩ። የናስ ቢጫ ጭረት ተጣብቆ ከቀረ ብረት ማወልወያ በነካ ጨርቅ አውልቁት፤ አለዚያ የሚቀጥለው ቀለሃ ሁሉ በአንድ ቦታ ቁመቱን ተጭሮ ይወጣል። ቀጥሎ የሚገባው ቀለሃ በደንብ የተቀባ ይሁን።

ይህን ሁሉ የምለው አሜሪካ ሆነው ለአደናቸው ወይም ለኢላማ ለሚሞሉ ነው። ለራስ መጠቀሚያ መሙላት የፌዴራል ፈቃድ አይጠይቅም፣ ለሽያጭ ግን ይጠይቃል፤ "ለሁላችንም ሙላልንና ሒሳብ እንከፍላለን" የሚሉ ጓደኞች ካሏችሁ ይህን ንገሯቸው።

ኪቱን ልመክር? 223 ብቻ የምትሞሉ ግዙት፣ አትጸጸቱም። 308ም ሆነ ሌላ ትልቅ ፕራይመር ያለው ለምትሞሉ፣ ኩባያውን ለብቻው የሚሸጥ ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ፤ ታፑን፣ ፑንታውንና ዘንጉን ከብረታ ብረት መደብር ግዙ። ኩባያው አምስት ቀለሃ አውጥቶ አንድ ጭረት እንኳ አልታየበትም። ለእሱ ብቻ ግማሽ ዋጋ ቢጠይቁኝ ኖሮ ደስ ብሎኝ እከፍል ነበር።